ኤ ዋን

ጎንደር ውስጥ እንደ እኔ ጾም የሚወድ ሰው ያለ አይመስለኝም። ለጽድቅ ብዬ እንዳይመስላችሁ፤ ወተት ሽሽት ነው። ረቡዕና ዓርብ ማንም «በሞቴ ጠጣልኝ» ብሎ ብርጭቆ አያስጨብጠኝም። ዐቢይ ጾም ሲገባማ 55 ቀን ሙሉ ሰላም።

የሌላውን ቀን ነገር አታንሱብኝ። ወተት ስጠጣ ሆዴ መጀመሪያ እንደ ከበሮ ይወጠራል፤ ቀጥሎ ይመታል። የወተቱን ስኳር፣ ላክቶስን፣ የሚፈጨው ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ከልጅነቴ በኋላ ቀንሶብኛል። ያልተፈጨው ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ሠርግ ይደግሱበታል። ይህን አዘዞ ላሉት አክስቴ ማስረዳት ግን አይሞከርም። «የላሜን ወተት ተጸየፍከው?» ይሉኛል።

ለጥምቀት ከአውስትራሊያ የመጣው ልጃቸው ሌላ ነገር ይዞ መጣ። «ጥፋቱ የስኳሩ ሳይሆን የፕሮቲኑ ነው» አለ። ቤታ ኬዚን የሚባለው የወተት ፕሮቲን ኤ ዋንና ኤ ቱ የሚባሉ ዓይነቶች አሉት። ልዩነታቸው 67ኛው ቦታ ላይ ያለች አንዲት አሚኖ አሲድ ናት። በእሷ የተነሳ ኤ ዋን ሲፈጭ አንድ ቁራጭ ይለቃል፤ እሱ ነው በአንጀት ነገር የሚታማው። የፈረንጅ ላም ሁለቱንም ትቀላቅላለች፤ ሻኛ ያላቸው የሀገራችን ላሞች በአብዛኛው ኤ ቱ ናቸው።

«የእኔዋስ?» አሉ አክስቴ። ላማቸው ዲቃላ ናት።

«ኤ ዋን ሳይኖርባት አይቀርም፣ እማ።»

«አላልኳችሁም? አንደኛ ናት!»

በቡና ሰዓት ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። የፎገራ ላም ያላቸው ጎረቤት «ሁለተኛ ወጣሽ» ተብለው ሁለት ቀን ቡና ቀሩ።

ለማስታረቅ ብዬ ቅዳሜ ማኅበር ላይ የጎረቤታችንን ወተት ጠጣሁ። እርጎ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ሲረጋ ላክቶሱ ይቀንሳል። ግን ማን ይሰማኛል? በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ኤ ቱ ሆድን ቀለል እንደሚያደርግ አሳይተዋል። ላክቶሱ ግን ኤ ዋንም ኤ ቱም ላይ ያው ነው።

ግማሽ ሰዓት ቢሆነኝ ነው። ቄሱ ሊመርቁ ተነሥተው ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ሆዴ ረዥም «እርርርር» አለ።

አክስቴ ደረታቸውን ደቁ። «ውይ ልጄን! ርቦት ነው! የእኔዋን፣ የኤ ዋኗን አምጡለት!»