የማክሰኞ ምሽት ምን ታየ?

አሜሪካ ውስጥ የሚያናድደኝ ነገር ሞልቷል። በአንድ ነገር ግን እቀናባቸዋለሁ። ተራውን ቀን አይጥሉትም።

ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖርበት መንገድ ላይ ጡረታ የወጡ ጎረቤት አሉኝ። ተወልደው ያደጉት እዚሁ ዋሽንግተን ዙሪያ ነው። ሰሞኑን ስለ ቴሌቪዥን ተነሳና፣ የልጅነታቸውን የአንድ ቀን ፕሮግራም ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት አንድ በአንድ ተረኩልኝ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። የቱ ቻናል ላይ፣ በስንት ሰዓት፣ ማን ይቀርብ እንደነበር ሁሉ ያውቁታል። የማስታወቂያውን ቡና ስም እንኳ አልረሱም።

ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የዚያን ዘመን ጋዜጣ ሳገላብጥ ያሉት ሁሉ ታትሞ ቁጭ ብሏል። የእሁዱም፣ የማክሰኞውም። ዋሽንግተን ያኔ አራት ዋና ጣቢያ ነበራት፤ ቻናል 4፣ 5፣ 7 እና 9። የአራቱም ፕሮግራም በሩብ በሩብ ሰዓት ተከፋፍሎ ተደርድሯል።

እስቲ አንዱን ቀን አብረን እንየው።

ማለዳ ፕሮግራም ከመጀመሩ በፊት ስክሪኑ ላይ የሚታየው የመሞከሪያ ምስል ነው። ክብና መስመር የበዛበት ሆኖ ከላዩ ላባ የደፋ የቀይ ህንዳዊ ፊት አለበት። ጎረቤቴ እንደሚሉት ልጆች እሱኑም አፍጥጠው ያዩት ነበር። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቻናል 4 «ቱደይ»ን ይጀምራል። ይኸው እ.ኤ.አ. በ1952 የተጀመረው፣ ዛሬም ጠዋት ጠዋት የምናየው ነው። ረፋዱ የቤት እመቤቶች ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ተከታታይ ድራማው ይገባል፤ እስከ 1956 ድረስ አንዱ ክፍል 15 ደቂቃ ብቻ ነበር። የምሽቱ የአገር አቀፍ ዜናም እስከ 1963 ድረስ እንዲሁ 15 ደቂቃ ነበር። ዓለምን በሩብ ሰዓት ጨርሰው ወደ እራታቸው። ሌሊት ጣቢያው ሲዘጋ ብሔራዊ መዝሙር ይዘመራል፣ ከዚያ ስክሪኑ በረዶ የሚዘንብበት ይመስላል።

እኔን የያዘኝ ግን ከኒው ዮርክ የሚመጣው ትልልቁ ፕሮግራም አይደለም። የሰፈሩ ነው። እዚያው ከተማ ተሠርቶ፣ እዚያው ከተማ በቀጥታ የሚተላለፈው። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚጠብቃቸው የሚያውቁት፣ አንዳንዴም ገበያ ላይ የሚያገኙት ሰው ነው። ለምሳሌ ዊላርድ ስኮት እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ቻናል 4 ላይ ቦዞ የተባለውን ቀልደኛ ሆኖ ይጫወት ነበር። ኋላ ላይ ይኸው ሰው በ«ቱደይ» የመላው አሜሪካ የአየር ሁኔታ አቅራቢ ሆነ። 

ከሁሉ ያስገረመኝ የአምስት ደቂቃዋ ፕሮግራም ነች። እ.ኤ.አ. በ1955 ጂም ሄንሰን የሚባል የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቻናል 4 ላይ «ሳም ኤንድ ፍሬንድስ» የሚል የአሻንጉሊት ጨዋታ ጀመረ። ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው። ከእናቱ አሮጌ ካፖርት ጨርቅ ቆርጦ አንድ አረንጓዴ አሻንጉሊት ሰፋ። ለዓይኑ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ለሁለት ሰንጥቆ ለጠፈበት። ያ አሻንጉሊት ከርሚት ነው፤ ኋላ መላው ዓለም ያወቀው እንቁራሪት። ፕሮግራሟ እስከ 1961 ድረስ ቆይታለች። በቀን ሁለቴ ትታይ ነበር፤ ከምሽቱ ዜና በፊት በ12 ሰዓት ከ25፣ ከዚያ ደግሞ ሌሊት በ5 ሰዓት ከ25። ጎረቤቴ የሌሊቱን ለማየት እናታቸውን እየተማፀኑ ያመሹ እንደነበር ሲናገሩ ዛሬም ዓይናቸው ይስቃል።

ቡናው ደግሞ ዊልኪንስ ይባላል። የዚሁ የዋሽንግተን ቡና ነው። ማስታወቂያውን የሠራው ያው ሄንሰን ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ፣ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ። ሁለት አሻንጉሊቶች ናቸው። አንዱ ቡናውን ይወዳል፣ ሌላው አልጠጣም ይላል። አልጠጣም ያለው መድፍ ይተኮስበታል። አለቀ። የቡና አገር ልጅ ነኝ፤ እንዲህ ያለ የቡና ማስታወቂያ ግን አይቼ አላውቅም።

ሁሉም ነገር ያማረ ነበር ማለቴ አይደለም። እዚሁ ጎረቤታችን ባልቲሞር እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ወጣቶች በቀጥታ ሥርጭት የሚጨፍሩበት የ«በዲ ዲን ሾው» ነበር። ጥቁር ወጣቶች ከነጮቹ ጋር አብረው እንዲጨፍሩ አይፈቀድም። አብረው ይጨፍሩ የሚል ጥያቄ ሲበረታ ጣቢያው በ1964 ፕሮግራሙን ጭራሹኑ ዘጋው። አብሮ ከመጨፈር መዝጋቱን መረጠ። እንዲህ ያለውን ነውራቸውንም ጽፈው አስቀምጠውታል። ልጆቻቸው አንብበው አባቶቻቸውን ይጠይቃሉ።

ታዲያ ልብ በሉልኝ። የዚያ ዘመን የሰፈር ቴሌቪዥን ምስሉ እነሱም ዘንድ አብዛኛው የለም። በቀጥታ ተላልፎ አየር ላይ ቀርቷል። የምስል መቅጃ ቴፕ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ውድ ስለነበር በላዩ ላይ እየደጋገሙ ይቀዱበት ነበር። የቀረላቸው ወረቀቱና የሰው ትዝታ ነው። ወረቀቱን ደግሞ አጥብቀው ይዘውታል። «ቲቪ ጋይድ» መጽሔት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1953 ሲጀምር ለአሥር ከተሞች፣ ለእያንዳንዱ የየራሱን ፕሮግራም እያተመ ነው። ያንን መጽሔት ዛሬም የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። ከርሚትም የትም አልጠፋ፤ እዚሁ ዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን ሙዚየም አለ።

ሬዲዮማ ጉድ ነው። ደብሊው ጄ ኤስ ቪ የሚባለው የዋሽንግተን ጣቢያ እ.ኤ.አ. መስከረም 21 ቀን 1939 ከማለዳ ሥርጭቱ እስከ ሌሊት መዝጊያው አንድ ሙሉ ቀን ቀድቶ አስቀምጧል። የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የምክር ቤት ንግግር አለበት። የቤዝቦል ጨዋታ አለበት። የሳሙና ማስታወቂያ አለበት። ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ተቀብሎ ይዞታል። እኔ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ የዚያን ቀን ሬዲዮ ሰምቼዋለሁ።

ይሄን ሳይ ነው አንጀቴ ያረረው።

የእኛ ቴሌቪዥን የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 23 ቀን 1957 ነው። የጃንሆይ የዘውድ በዓል ዕለት። ስቱዲዮው አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀለሙ የመጣው በአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሰሞን ነው። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን፣ ምክንያቱም በዓል ነው። ጥቅምት 24ስ? ከዚያ በኋላ ያለው ማክሰኞስ? በስንት ሰዓት ተከፈተ፣ ዜናው ስንት ደቂቃ ነበር፣ ከዜናው በኋላ ምን መጣ ብላችሁ የትኛው ቤት ብትጠይቁ መልስ የለም።

አንድ ቀን ግን አለ። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረፀው የወሎ ረሃብ፣ ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ጋር እየተቀያየረ የታየበት ምሽት። ጃንሆይ በማግስቱ ወረዱ። የት ሆነው እንዳዩት፣ ማን እንዳለቀሰ፣ ማን ተነስቶ እንደወጣ ያ ትውልድ ዛሬም ይነግራችኋል። እኛ የቴሌቪዥን ቀን የምናስታውሰው ዙፋን ሲወድቅ ነው። ዙፋን ያልወደቀበት ማታ ሁሉ ከነሰዎቹ ይጠፋል።

አባባ ተስፋዬን እዩ። ቴሌቪዥናችን ገና ሲጀመር ልጆች ፊት ቀርበው ከ40 ዓመት በላይ ተረት አወሩ። የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች ሲሉን ያደግን ሰዎች ነን። ሐምሌ 2009 ሲያርፉ ሁላችንም ፎቷቸውን ለጠፍን። ከዚያ በኋላ ስንቶቻችን የሰማነውን አንድ ተረት፣ የሰማንበትን ቤት፣ አብሮን የተቀመጠውን ልጅ ጽፈን አስቀመጥን? የሄንሰንን የአምስት ደቂቃ ጨዋታ የዋሽንግተን ሰው በደቂቃው ያውቀዋል። አባባ ተስፋዬ ከሄንሰን በምን ያንሳሉ?

እዚህ ማኅበራችን ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ፣ አሁንም ያንገበግበኛል። ከአንድ ተዝካር በኋላ ተሰብስበን ነበር። አንዲት እናት ስለ መጀመሪያው ቴሌቪዥን ማውራት ጀመሩ። ያደጉት ዶሮ ማነቂያ ነው፣ ከማዘጋጃ ቤቱ በእግር የሚደረስበት። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ለመግባት ልጆች ጓሮ ሄደው እግራቸውን ይታጠቡ ነበር አሉ። የቤቱ እመቤት በር ላይ ቆመው ተረከዝ ያያሉ። ጭቃ የተገኘበት ይመለሳል። የገባው መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ወንበሩ የአዋቂ ነው። ቴሌቪዥኑ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ጨርቁን የሚገልጡት አባወራው ብቻ ናቸው። ይሄን ሲናገሩ እጃቸው ጨርቁን በአየር ላይ ያጥፍ ነበር። እኔ ትንፋሼን ውጬ እሰማለሁ።

አንዱ ጎረምሳ፣ ጎረምሳ ስል 50 ያለፈው ነው፣ «እሺ እማማ፣ እሺ» አለና ወደ ፖለቲካው መለሰው። ሁሉም ተከተለው። ከ66ቱ አብዮት ጀምረው እስከ ዛሬ ያለውን መንግሥት ሲያነሱና ሲጥሉ አመሹ። ይሄን ክርክር በየሳምንቱ ቃል በቃል እንሰማዋለን። እማማ ሻያቸውን ይዘው ዝም አሉ። አናደደኝ። የጥልፉ ጨርቅ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው የሚጠይቅ አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል?

ደግሞ ዶሮ ማነቂያ ራሱ የለም። በ2016 ፈርሷል። ጎረቤት ለጎረቤት ምስክር እንዳይሆን ሰዉም በየአቅጣጫው ተበትኗል። ያ ቤት፣ ያ ጓሮ፣ ያ የእግር መታጠቢያ ቧንቧ አሁን ያለው በእኚህ ሴትና እንደሳቸው ባሉ ጥቂት ሰዎች ውስጥ ነው። እነሱን ደግሞ እሺ እማማ እንላቸዋለን።

እኔ በሌላ ቀን ቤታቸው ሄጄ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ቀዳኋቸው። ጨርቁ ነጭ ነበር፣ ጥልፉ ቀይ ጽጌረዳ። ዜና አንባቢው ደህና እደሩ ሲል የቤቱ ሰው ሁሉ ቆሞ አሜን ይል ነበር። ከውጭ ፊልም የሚያስታውሱት ፈረስና ባርኔጣ ነው፤ ቋንቋው ስለማይገባቸው አባወራው እየተረጎሙ ያዩ ነበር፣ ግማሹን ከራሳቸው እየጨመሩ። አዲስ አበባ ያሉት ወንድማቸው ጋ ደውለን አብረው እንዲያስታውሱ አደረግን። እዚያ ላይ ተጣሉ። ሰፈሩ ውስጥ መጀመሪያ ቴሌቪዥን የገባው አርመኑ ልብስ ሰፊ ቤት ነው ይላሉ እሳቸው። ወንድማቸው ደግሞ ግሪኩ ባለ ግሮሰሪ ቤት ነው ብለው ድርቅ አሉ፤ ከመስኮቱ ውጭ ቆመው አይተዋል። ሁለቱም እስካሁን አልተስማሙም። በ1957 እና በ58 ዶሮ ማነቂያ የነበራችሁ፣ ወይም እናት አባታችሁ የነበሩ፣ እባካችሁ ጠይቁልን። የአርመኑ ነው ወይስ የግሪኩ?