ጠመንጃው ጠማማ ነው ብያለሁ፤ ጠማማ ነው!

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። «ለዚያ ነዋ የሳትከው» የምትሉ አትጠፉም። ዝም በሉ።

ባዛሩን ታውቁታላችሁ። ቆርኪ የሚያስተኩሰውን ልጅም ታውቁታላችሁ። አምስት ጥይት በ50 ብር፣ ሦስት ቆርኪ ለጣለ አንድ ሚሪንዳ። ያቺን የአየር ጠመንጃም አይታችኋታል። ሰደፏ በብስክሌት ጎማ ላስቲክ ታስሯል። አፈሙዟ ላይ ያለችው ማነጣጠሪያ ደግሞ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልላለች። በናስትሮ! የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ ናት እንዴ?

መተኮስ አላማረኝም ነበር፤ ይመዝገብልኝ። አማቴ ናቸው «በል እስቲ እጅህን እንየው» ያሉት። ለዳግማዊ ትንሣኤ ብለው ከገጠር መጥተው፣ በሰላም ባዛር ላዙራቸው ብዬ። ከኋላ የሚስቴ ታናሽ ወንድም ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀምሯል። የሚስቴ ዓይን «እንዳታዋርደኝ» ይላል። ልጄ «አባዬ ሚሪንዳ! አባዬ ሚሪንዳ!» ትላለች። እንዲህ ሆኖ ማን ይተኩሳል?

አንደኛው ሳተ። ሁለተኛውም ሳተ። ሦስተኛው ሰሌዳውን እንኳ አልነካም፤ ከኋላ የተወጠረውን ሸራ ነው የበሳው። አራተኛው ቆርኪ ጣለ! ሰው ሊያጨበጭብ ሲል እኔ ሞኙ፣ «አይ፣ እኔ ያለምኩት አጠገቡ ያለውን ነበር» አልኩ። ምን አስለፈለፈኝ? ዝም ብል ምን ነበረበት? አምስተኛውን አልነግራችሁም።

ከዚያ ያቺን ቃል ተናገርኩ። «ጠመንጃው ጠማማ ነው።»

አባባ ቀስ ብለው አዩኝ።

«ጠመንጃው ነው፣ ልጄ?»

«አዎ አባባ፤ ወደ ግራ ይጥላል።»

«እህ። ወደ ግራ።»

«አዎ።»

«ስንተኛው ላይ አወቅኸው?»

«ሁለተኛው ላይ።»

«ታዲያ ሦስተኛውን ለምን እዚያው ላክኸው?»

ሳቁን ከዚህ መድገም አልችልም። ከፈንዲሻ ሻጯ እስከ ጥበቃው ድረስ ሳቀ። ማን እንደሆነ ያላየሁት ሰውዬ ከኋላ «ኧረግ! የበላይ ዘለቀ አገር ሰው እኮ ነህ!» ብሎ ጮኸ። ቆርኪ አስተኳሹ ደግሞ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፣ «ጋሼ፣ ቅድም አንዲት ሴትዮ በሷ አራት ጥለው ሄደዋል» አለኝ። ማን ጠየቀህ?

አባባ ጋቢያቸውን አወለቁና «ያዝ» አሉኝ። ዱላቸውንም ጨመሩልኝ። አንድ ጎልማሳ ባል፣ አንድ የልጅ አባት፣ የአማቱን ጋቢና ዱላ ታቅፎ እንደ ማስቀመጫ ቆሟል። ቪዲዮው ላይ በደንብ እታያለሁ አሉ።

የመጀመሪያዋን ጥይት ቆርኪ ላይ አልተኮሷትም። ሰሌዳው ጥግ ላይ አንዲት የሚስማር ራስ አለች፤ እሷ ላይ ተኮሱና ጥይቷ የት እንዳረፈች ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ከቆርኪው በስተቀኝ ሁለት ጣት ያህል ፈቀቅ ብለው፣ ባዶው እንጨት ላይ አነጣጠሩ። ጧ! ወደቀ። ጧ! ወደቀ። ጧ! ሚሪንዳ። አምስተኛዋን ለልጄ ሰጧት፤ እሷም ትከሻዋን አቅፈው ይዘውላት ጣለች። ስድስት ዓመቷ ነው።

አሁን ስሙኝ። ደሜን የሚያፈላው እዚህ ላይ ነው። ጠመንጃውን ለልጁ ሲመልሱለት ምን አሉት? «ትንሽ ወደ ግራ ትጥላለች፤ አሠራት።» ሰምታችኋል? እኔ ያልኩትን! ቃል በቃል! እሳቸው ሲሉት ምርመራ ነው፣ እኔ ስለው ሰበብ ነው። ፍርድ የት አለ?

ቤት እስክንገባ የሚስቴ ወንድም አላረፈም። «ጋሼ፣ ያ የፓሪስ ኦሎምፒኩ ቱርክ ተኳሽ እኮ እጁን ኪሱ ከትቶ ነው የብር ሜዳሊያ ያመጣው።» ዩሱፍ ዲኬች፣ እ.ኤ.አ. 2024። ሁሉም ሰው ያንን ፎቶ አይቶ የተኩስ ሊቅ ሆነ። እሺ፣ እንነጋገር። ሰውየው ያላደረገው የዓይን መከለያውንና ያንን ሁሉ ልዩ መነጽር ነው። ሽጉጡ ግን የውድድር ሽጉጥ ነው! እጀታው ለመዳፍ ተብሎ የተሠራ፣ ማነጣጠሪያው በብሎን የሚስተካከል። በናስትሮ የተጠቀለለ አልነበረም። ደግሞ በዚያን ጊዜ የ51 ዓመት ሰው ነው፤ ኦሎምፒክ ሲሄድ አምስተኛው ነው፤ ከ2008 ቤጂንግ ጀምሮ ሲሳተፍ የኖረ። ከባዛር መንገድ ላይ ተጠርቶ አልገባም። ለነገሩ እጅ ኪስ መክተትም ጉራ አይደለም። የሽጉጥ ውድድር በአንድ እጅ ነው የሚተኮሰው፤ ሌላኛውን የት ያድርገው? የአማቱን ጋቢ ይያዝበት?

ይሄን ስል የሚስቴ ወንድም ስልኩን ጎርጉሮ አንድ ሃንጋሪያዊ አመጣብኝ። ካሮይ ታካች። ወታደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ቦምብ ቀኝ እጁን አበላሸበት፤ የሚተኩስበትን እጅ። ለማንም ሳይናገር በግራው ተለማመደና በ1948 ለንደን ኦሎምፒክ ላይ ወርቅ ወሰደ። በ1952 ሄልሲንኪ ደገመው። «ጋሼ፣ አንተ ሁለቱም እጅህ ጤነኛ ነው አይደል?» ይለኛል።

እኔም መለስኩለት። ሰውየው እጁን ነው የቀየረው፤ ሽጉጡ ቀጥ ያለ ነበር! የተበላሸ እጅና ቀጥ ያለ ሽጉጥ ወርቅ ያመጣል። ጤነኛ እጅና ጠማማ ጠመንጃ የሚያመጣውን ደግሞ ዛሬ በቪዲዮ አይታችኋል።

እስቲ አንድ ሰው ይመልስልኝ፤ መሣሪያው ለውጥ ካላመጣ፣ ውድድሩ ላይ ሽጉጡን ለምን ይመዝኑታል? የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ከ1500 ግራም መብለጥ የለበትም። ቃታው ቢያንስ 500 ግራም ክብደት ማንሳት አለበት፤ ክብደት አንጠልጥለው ይፈትኑታል። ቃታ በሚዛን! በሩጫ ላይ የሚተኩሱበት ሌላው የሽጉጥ ውድድር ደግሞ ሽጉጡን በየምድቡ ይከፍለዋል፤ ማነጣጠሪያ መነጽር የተገጠመለት ሽጉጥ ከተራው ጋር አይወዳደርም። ለምን ይመስላችኋል? ስለሚለያይ ነዋ! መሣሪያውን እኩል ካደረጉ በኋላ ነው ሰውየው የሚታየው። እኔን ማን እኩል አደረገኝ?

በላይ ዘለቀን የጠራብኝ ሰውዬም ቢሆን። በላይ ከጣሊያን ጋር አምስት ዓመት ሲዋጋ የማረከው መሣሪያ ለጌጥ ነበር? ውጅግራ የምትባለው አሮጌ ጠመንጃ አንድ ጥይት ጎርሳ አንድ ትተፋለች፤ ከዚያ እንደገና እስክታጎርሳት ጠላት ይጠብቅሃል? አርበኛ ሁሉ ብዙ ጥይት የሚጎርሰውን ምንሽር ሲያገኝ ዓይኑ የሚበራው በምክንያት ነው።

ሚስቴ ደግሞ ዝም ብላ ቡና ትቆላለች። ዝምታዋ ነው የገደለኝ። ባለፈው ቅዳሜ እንጀራው ዓይን አልባ ሲሆን ምን አለችኝ? «ምጣዱ ነው፤ አልግል አለ።» እኔ ምን አልኩ? «አይዞሽ፣ እናሠራዋለን» አልኩ። «ስንተኛው እንጀራ ላይ አወቅሽው?» ብዬ ጠየቅሁ? አልጠየቅሁም! ምጣድ አልግል ይላል፣ መብራት ይጠፋል፣ ሊጥ ይበላሻል፤ ጠመንጃ ብቻ ነው በዚህ ቤት የማይበላሽ።

ከረምቡላ ቤትም ያው ነው። ዘንጉ እንደ ቆልማማ ከዘራ ጎብጦ፣ ጠረጴዛው ወደ በሩ አዘቅዝቆ፣ ስሸነፍ «እጅህ ነው» ይሉኛል። ሳሸንፍ «ጠረጴዛው አዳላለት» ይላሉ። እነሱ ሲያሸንፉ ጠረጴዛው ቀጥ ይላል።

ደግሞ ማን ነው የሚያስተምረኝ? ይሄ የሚስቴ ወንድም አምና መስቀል ላይ ጠጅ ይዞ «ሽጉጥ ማለት ማካሮቭ ነው፤ ስምንት ጥይት፣ እንከን የለውም» እያለ እስከ ሌሊት አድክሞናል። ስታር ይሻላል ካለው ጎረቤት ጋር ሊደባደብ ነበር። ሁለቱም አንድም ቀን ተኩሰው አያውቁም። አምና መሣሪያው ነበር፤ ዘንድሮ እኔ ስስት ሰውየው ሆነ!

አንድ ሒሳብ ሠርቼ ላሳምነው ሞከርኩ። ወረቀት አውጥቼ። ሽጉጥ ላይ በኋለኛውና በፊተኛው ማነጣጠሪያ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር አለ እንበል። የፊተኛው አንዲት ሚሊ ሜትር ብቻ ብትጣመም፣ 10 ሜትር ላይ ጥይቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ ይርቃል። የኦሎምፒኩ አሥር ቁጥር ክብ ወርዱ 11.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የትንሽ ጣት ጥፍር። አለቀ፣ ደቀቀ! አንድ ሚሊ ሜትር ናስትሮ ሜዳሊያ ያስቀራል።

የሚስቴ ወንድም ወረቀቱን አየውና፣ «እጅህ አንድ ሚሊ ሜትር ቢንቀጠቀጥስ?» አለኝ።

ያው ነው። ሒሳቡ ያው ነው። ወረቀቱን ቀደድኩት።

እሺ፣ ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ። ቃታውን አልሳብኩትም፤ ነጥቄዋለሁ። ሁለት ጊዜ ዓይኔንም ጨፍኛለሁ መሰለኝ። ይሄ ግን ጠመንጃውን አያቃናውም!

ሊመሽ ሲል ሲጋራ ልግዛ ብዬ ወጣሁ። አላጨስም፤ ማንም ልብ አላለም። ባዛሩ ሊዘጋ ነው። ለቆርኪ አስተኳሹ 50 ብር ሰጠሁት። እንደ አባባ ሚስማሯን መታሁ፣ አየሁ፣ ሁለት ጣት ወደ ቀኝ ፈቀቅ አልኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ቃታዋን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጌ ሳብኩ። አንዷም በግራ አልሄደችም። ሁሉም በቀኝ!

ልጁ ጠመንጃውን ከእጄ ተቀበለና፣ «ጋሼ፣ ቅድም አባባ አሠራት ስላሉኝ አቃናኋት እኮ» አለኝ።