ማስተካከያ፦ ‹ዩጀኒክስ› የሚለውን ቃል የፈጠረው ኮንዶርሴ አይደለም

ባለፈው ስለ ዩጀኒክስ (ማን ይውለድ፣ ማን አይውለድ ብሎ በመምረጥ የሰውን ዘር የማሻሻል ሐሳብ) ስጽፍ ቃሉን የፈጠረው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኮንዶርሴ ነው ብዬ ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የጸሐፊዎቹን የራሳቸውን መጻሕፍት መልሼ አይቻለሁ። ቃሉን የፈጠረው እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1883 ነው። ኮንዶርሴ የሞተው በ1794 ነው።

የሰው ልጅ መሻሻል ገደብ የለውም ብሎ የጻፈው እንዳይያዝ ተደብቆ ሳለ ነበር። የተሻሻለ ችሎታ ወደ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል ብሎ ማሰቡ እውነት ነው። ዋና ተስፋው ግን ትምህርትና እኩልነት ነበር። ባርነትንም አጥብቆ ይቃወም ነበር። በእኔ ስህተት እንዲህ ያለ ሰው ያለ ስሙ ስም ተሰጥቶታል።

ለዩጀኒክስ ይበልጥ የሚቀርበው የፓሪሱ ሐኪም ቫንደርሞንድ ይመስለኛል። እሱ በ1756 የፈረስንና የውሻን ዘር ማሻሻል ከተቻለ የሰውንስ ለምን አንሞክርም ሲል ጠይቋል።

የቀድሞውን ጽሑፍ ያጋራችሁ ይህንንም አጋሩልኝ።