ከንፈር መምጠጡ ይቅርና መንገዱን ልቀቁ

የፒያሳ ሰው፣ ስራ ያለህም ማኪያቶ ልትጠጣ የመጣህም፣ ስማኝማ። ኮሪደር ልማቱ ላይ ሁላችንም የየራሳችን ሀሳብ አለን፣ እኔም የፈረሰው ሰፈር አሁንም ያንገበግበኛል፣ ግን የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ ጠርዙም ለዊልቸር ዝቅ የተደረገበት ቦታ አለ፣ ይሄ አይካድም። ታዲያ ያቺን ዝቅ ያለች ጠርዝ መርጦ "ሁለት ደቂቃ ነው" እያለ ሀዛርድ አብርቶ ቪትዙን የሚገትርባት ማነው? መንግስት ነው? እኛው ነን!

አንተ ጎማውን ታከህ ሹልክ ትላለህ። ዊልቸር ላይ ያለው ሰው ግን ወይ ተመልሶ ሌላ መውረጃ ይፈልጋል ወይ አስፋልት ገብቶ ከሚኒባስ ጋር ይጋፋል። በ23 አራዳ ጊዮርጊስ በር ላይማ ባይወራ ይሻላል፣ ጧፍ ሻጩ አለ፣ መሀል መንገድ ቆሞ ደህና ነሽ ደህና ነህ የሚባባለው አለ... ዳር ይዛችሁ ተሳሳሙ፣ ማን ከለከላችሁ?

እናንተ ደግሞ አሮጌዎቹ ቤቶች ውስጥ ሱቅና ካፌ የከፈታችሁ። ራምፕ፣ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት ማለት ነው፣ ስሩ ስትባሉ "ቅርስ ነው አይነካም"። እሺ፣ ግድግዳውን በድሪል በስታችሁ ላይትቦክስ ስትሰቅሉ ቅርስነቱ የት ሄዶ ነበር? የቅርስ አዋጁ፣ 209/1992፣ ሳታስፈቅዱ አትንኩ ነው የሚለው፣ አስፈቅዱና ስሩ። የህዝብ መገልገያ ህንፃ በዊልቸር የሚገባበት መንገድ ይኑረው የሚለው የህንፃ አዋጅ ቁጥር 624 እኮ የወጣው በ2001 ነው! ደግሞ ግድግዳም ደረጃም ሳይነካ ይቻላል፣ ሲያስፈልግ የሚዘረጋ ሲበቃ የሚነሳ የብረት ራምፕ ማንም በያጅ ይሰራዋል። ብቻ ልኩን ንገሩት፣ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው የተለመደው ስሌት፣ ስለዚህ 15 ሳንቲም ለሆነች አንድ ደረጃ 1 ሜትር ከ80 ያስፈልጋችኋል። አንዳንዱ የሚያሰራት ግማሽ ሜትር ጣውላ ሰውየውን ወደኋላ ገልብጣ የምትጥል ናት፣ እሷንም ቢሆን ጀነሬተር ያስቀምጥባታል።

ሌላው፣ እባካችሁ ዊልቸር ባያችሁ ቁጥር "እኔን" እያላችሁ ከንፈር አትምጠጡ፣ ሰውየው ስራ ረፍዶበት ነው። ሳንቲም ጭኑ ላይ አትጣሉ፣ አልለመናችሁም። ሳትጠይቁም ከኋላ መጥታችሁ አትግፉት፣ ወዴት እንደሚሄድ በምን አወቃችሁ? "ላግዝህ?" በሉት፣ አይ ካለ ደግሞ አይ ነው፣ አትከራከሩት።