በአብዮቱ ጊዜ ፍቅር አልነበረም? እኛን ታዲያ ማን ወለደን?

እዚህ ባሕር ዳር በየወሩ መጽሐፍ የሚያወያይ አንድ መድረክ አለ። ስሙን ትቼዋለሁ፣ የሚያውቀው ያውቀዋል። ሰሞኑን ለውይይት ተይዞ የነበረውን ያንን ታሪኩ በ1969 እና በ1970፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ እዚሁ ባሕር ዳር የሚካሄድ የፍቅር ልብወለድ ከፕሮግራሙ አወጡት። ለምን ሲባሉ አንድ አንጋፋ አወያይ «ያ የደም ዘመን ነው። ስለ ፍቅር ለማሰብ ማን ጊዜ ነበረው? እኔ ሽፋኑን አይቼ ነው የተውኩት» አሉ። ተጨበጨበላቸውም።

ጋሼ፣ በአክብሮት ልጠይቅዎት። እኔ የተወለድኩት በ1970 ነው። አብረውኝ አንደኛ ክፍል የገቡት ልጆችም ያው የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። ጊዜ ካልነበረ እኛ ከየት መጣን? ቀበሌ ከስኳርና ከሳሙና ጋር በራሽን አደለን?

ሌላው አስተያየት ደግሞ «ፍቅሩ ታሪኩን አቀለለው» የሚል ነው። የትኛውን ታሪክ? ያኔ እርስ በርስ ከተፋጁት የግራ ድርጅቶች የኢሕአፓው ሰው ትዝታውን ጽፎ መኢሶንን ይከሳል። የመኢሶኑ ይነሳና ኢሕአፓን ይከሳል። ደርጎቹም ከእስር ወጥተው የየራሳቸውን ጻፉ፣ ጥፋተኛ ግን እስካሁን አልተገኘም። ማን የማዕከላዊ ኮሚቴ አባል እንደነበረ፣ ማን በየትኛው ስብሰባ እጁን እንዳወጣ ጠግበን አንብበናል።

ስንቅ ያመላለሰችውስ? እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ እስር ቤት በር ላይ ምግብ ይዘው የሚሰለፉት ሴቶች ነበሩ። እናት፣ እህት፣ ሚስት። ሰውየው በሕይወት መኖሩ የሚታወቀው ባዶው ሳህን ሲመለስ ነው። አንድ ቀን ጠባቂው «ከእንግዲህ ስንቅ እንዳታመጪ» ካላት አለቀ፣ ሌላ መርዶ የለም። ማልቀስ የተከለከለባቸው፣ ሬሳ ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ ክፈሉ የተባሉ ቤተሰቦች ነበሩ። እናት ግን ቢያንስ እናት ናት። ሚስትም በር ዘግታ የምታለቅስለት ባል እንደነበራት ጎረቤት ያውቅላታል። ያልተጋባችውስ? ያቺ ከፋብሪካ ሺፍት ወጥታ ሰዓት እላፊ ሳይደርስባት ለመግባት የምትሮጠው፣ ልጁን የምትወደው መሆኑን ቤተሰቦቿ እንኳ የማያውቁት? እሷን የትኛው የድርጅት ታሪክ ጻፋት? ለቅሶ ልትቀመጥ አትችልም፣ ምኑ ነሽ ትባላለች። ደብዳቤውን ማስቀመጥ አትችልም፣ ፍተሻ አለ። ከዓመታት በኋላ ሐውልት ሲቆም ከቤተሰብ ጋር የሚጠራት የለም። እንግዲህ ይህቺን ሴት ማስረጃ አምጡ ብትሉኝ ከየት አመጣለሁ? ማስረጃ ሳትተው ነው የኖረችው። ለእሷ ያለው ልብወለድ ብቻ ነው፣ ያንንም «የሴቶች ወሬ» ብላችሁ ከፕሮግራም ታወጣላችሁ!

ደግሞ መጽሐፉ ከተማውን ያውቃል። ልጅቷ በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ ትሠራለች። ልጁ ሶቪየቶች የሠሩት ፖሊ ቴክኒክ ተማሪ ነው። የሁለቱ ጠብ ስለ አብዮት ነው፣ ስለ ቀጠሮም ነው። እሱ ስለ ወዛደሩ ሲያስረዳት ወዛደሯ እሷ መሆኗን ይረሳል። ይቺን አንዲት ትዕይንት ከሦስት ጥራዝ የፓርቲ ታሪክ ጋር አልለውጣትም።

እነዚሁ ሰዎች የበዓሉ ግርማን ልብወለድ ኦሮማይን ሲያነሱ ግን ድምፃቸው ይለወጣል። ልክ ናቸው፣ ትልቅ መጽሐፍ ነው። በ1975 ታትሞ ከገበያ የተሰበሰበ፣ በዓሉ ግርማም በየካቲት 1976 ከቤቱ ወጥቶ እንደወጣ የቀረ። ግን እስቲ ዋናው ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ የሚያፈቅራትን ፊያሜታን ከውስጡ አውጡና አንብቡት። ደርግ ኤርትራ ላይ ያካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሪፖርት ነው የሚቀራችሁ። ጸጋዬ አስመራ ላይ ሲያፈቅር ታሪክ አልቀለለም፣ የእኛዋ የፋብሪካ ልጅ ጣና ዳር ስታፈቅር ቀለለ? ወንድ ሲያፈቅር ሥነ ጽሑፍ፣ ሴት ስታፈቅር ተራ ነገር፣ እንዲህ ነው አይደል ነገሩ?

መጨረሻው፣ ልጁ ከእስር የወጣበት መንገድ፣ ለእኔም አልተዋጠልኝም። ደራሲዋ አሳዝኗት ያተረፈችው ይመስለኛል። በዚህ ተከራከሩ፣ ደስ ይለኛል። ለመከራከር ግን ማንበብ ይጠይቃል።

አወያዮቹ ሐሳባቸውን ካልቀየሩ እኛው ሐይቅ ዳር ካሉት ካፌዎች አንዱ ጋ ተሰብስበን እንወያይበታለን። በዚያ ዘመን ስንቅ ያመላለሱ እናቶችን እንጠራለን፣ አንባቢ ባይሆኑም። ጋሼም ቢመጡ ቡናው በእኔ ነው፣ ከሽፋኑ ካለፉ።