በዓይናችን እያየነው

የፋሲካ ዕለት ዶሮው ተበልቶ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ፣ እንደ ልማዳቸው የሮማ ወታደሮች በቴሌቪዥኑ ፊልም በኩል ወደ ሳሎናችን ገቡ። በየዓመቱ ይመጣሉ፤ ማን እንደሚጠራቸው አላውቅም። የተወለወለ ጥሩር፣ ቀይ ካባ፣ ከኋላቸው እንደ ወተት የነጣ የዕብነ በረድ ሐውልት። አፌን መያዝ ነበረብኝ፤ አልያዝኩም። «እነዚህ ሐውልቶች እኮ በዘመናቸው ነጭ አልነበሩም። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ወርቃማ ቀለም ይቀቡ ነበር፤ የቀለሙ ቅሪት እስከ ዛሬ በላያቸው ይገኛል» አልኩ። በባለቤቴ ወገን ያለ አንድ ዘመዳችን ሲኒውን አስቀምጦ፣ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው በርኅራኄ አየኝና «ጋሼ፣ ይኸው በዓይናችን እያየነው!» አለኝ።

ለዚህ ምን መልስ አለ? (እናንተም እንዲህ ያለ ዘመድ አላችሁ፤ አትደብቁኝ።) ስለዚህ ክርክሬን ትቼ፣ የጥንቱን ዓለም በካሜራ ሠርተው ያስረከቡንን ሊቃውንት ላመሰግን ተነሥቻለሁ።

ግብፅ ዘወትር ብርቱካናማ፣ ሰሜን አውሮፓ ዘወትር አመድማ እንደነበረ፣ የጥንት ሰውም ሰማያዊ ሰማይ ሳያይ እንደሞተ ያስተማሩን እነርሱ ናቸው። ሮማውያን ከቄሣሩ እስከ ወኅኒ ጠባቂው በጠራ የለንደን እንግሊዝኛ ይነጋገሩ እንደነበርም ከእነርሱ ተረድተናል። ላቲን ኋላ ለቤተ ክርስቲያን ተብሎ የተፈጠረ መሆን አለበት።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወደው የጦር አለቃውን ንግግር ነው። ታውቁታላችሁ። ሃያ ሺህ ሰው ሜዳ ላይ ተሰልፏል። አለቃው እግሩን እርካብ ላይ አደላድሎ በነጭ ፈረስ ብቅ ይላል። እርካብ አውሮፓ የደረሰው ምዕራባዊቷ ሮማ ከወደቀች በኋላ ነው፤ የእኛ አባቶች በአውራ ጣታቸው የሚረግጡት ዓይነት እንኳ በዚያን ጊዜ እዚያ አልነበረም። ለማንኛውም፣ አለቃው ስለ ነፃነት መናገር ይጀምራል። መጀመሪያ በለሆሳስ ነው። ሃያ ሺውም ይሰማሉ።

እስቲ እናስላ። ግሪኮች ብዙ ጊዜ የሚሰለፉት ስምንት ረድፍ ሆነው ነበር። 20,000 ሰው በስምንት ረድፍ ሲቆም ከዳር እስከ ዳር 2,500 ሰው ይሆናል። ለአንዱ አንድ ሜትር ብንሰጠው ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል፣ ማለትም ከአራት ኪሎ እስከ መስቀል አደባባይ ገደማ። አለቃው አራት ኪሎ ቆሞ «ለሚስቶቻችሁ! ለልጆቻችሁ!» ይላል፤ መስቀል አደባባይ ያለው ወታደር እንባው ዱብ ይላል።

በእኛ እድር ስልሳ ሰው አንድ ድንኳን ሥር ተቀምጦ፣ ሊቀመንበሩ ማይክሮፎን ጨብጦ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ «ምን አለ?» ይባላል። «መዋጮ ጨመረ ነው የሚለው።» «በስንት?» «በሃምሳ መሰለኝ።» ወሬው የኋላ ወንበር ዘንድ ሲደርስ ሃምሳው አምስት መቶ ሆኖ ጠብ ይነሣል። የጥንቱ ወታደር ግን የራስ ቁሩ ጆሮውን ደፍኖት፣ ነፋሱ እያፏጨ፣ ጋሻ ከጋሻ እየተጋጨ፣ ፈረሱ እያሽካካ አንዲት ቃል አታመልጠውም። የሚያስል የለም። «ጮክ በልልን!» የሚል የለም። ሽንቱ መጥቶበት ወደ ቁጥቋጦ ያዘገመ አንድ ሰው እንኳ የለም። ንግግሩ ሲያበቃ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ይጮኻሉ። ድምፅ ያን ሁሉ መንገድ ለመሄድ ሰባት ሰከንድ ያህል እንደሚፈጅበት የሚያውቁት የፊዚክስ አስተማሪዎች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም በበዓል ዝም ይላሉ። ጠላትስ? ጠላት ንግግሩ እስኪያልቅ በጨዋ ደንብ ቆሞ ይጠብቃል። እርሱም ሳይሰማው አይቀርም።

የአቴንስ የጦር አዛዥ የነበረው ቱኪዲደስ እንኳ የአቴንስንና የስፓርታን ጦርነት ታሪክ ሲጽፍ፣ ንግግሮቹን ቃል በቃል ማስታወስ ከባድ ስለነበር ተናጋሪዎቹን ለየአጋጣሚው የሚገባውን እንዳናገራቸው በግልጽ ተናዝዟል። ምስኪን። የእኛን ዘመድ ቢያገኝ ኖሮ ሁሉንም በዓይኑ አይቶለት ነበር።

ከንግግሩ በኋላ ያ በስንት ድካም የተሰለፈ ጦር ሰልፉን በትኖ፣ ሌባ እንደሚያባርር ገበያተኛ ይሮጣል። ይህን ልለፈው።

በየፊልሙ ባሮችን እየገረፈ ፒራሚዱን ስለሚያሠራው ጅራፍ ግን ሳላመሰግን አላልፍም። በ1990 እ.ኤ.አ. ጊዛ ላይ የአንድ ፈረስ እግር ከጥንት የጭቃ ጡብ ግንብ ጋር ተጋጨ፤ ሲቆፈር የፒራሚዱ ሠራተኞች መቃብር ሆኖ ተገኘ። ከንጉሣቸው አጠገብ በክብር ተቀብረዋል፤ ዳቦና ጠላ ይሰፈርላቸው ነበር፤ የተሰበረ አጥንታቸውም ታክሞ የገጠመ ነው። አንድ ፈረስ በአንድ እንቅፋት ከሠራዊተ ፊልም ሁሉ የበለጠ እውነት አወጣ። ይህንንም ለዘመዳችን ነግሬው ነበር። «ጅራፉ ሲጮህ ግን ሰምቼዋለሁ» አለኝ።

በየፊልሙ ከዙፋኑ ኋላ የሚቆመው ሰውዬ ላይ ስደርስ ቀልዱ ያልቅብኛል። ጥቁር ነው፤ የሰጎን ላባ ማራገቢያ ይዟል፤ ስም የለውም፤ ቃል አይናገርም። የኩሽ ነገሥታት ግብፅን ራሷን ገዝተዋል። አክሱም በስሟ የወርቅ ገንዘብ አትማለች፤ ኢዛና ድሉን በግሪክኛ ጭምር ድንጋይ ላይ አስጽፏል፤ በፋርስ የተነሣው የሃይማኖት መሪ የማኒ ትምህርት የተመዘገበበት ጽሑፍ አክሱምን ከፋርስና ከሮማ ጋር ከዓለም አራት ታላላቅ መንግሥታት አንዷ አድርጎ ይቆጥራል። ይህ ሁሉ ተጠቅልሎ አንድ ማራገቢያ ሆነ። ለአንድ ፈረስ ልጓም ስንት ባለሙያ ሲያማክሩ፣ ለዚህ ሰው አንዲት ስም ማውጣት አቃታቸው። ያናድዳል! ልጆቼ አጠገቤ ተቀምጠው ያዩታል፤ እነርሱም ነገ «በዓይናችን አይተናል» ይላሉ።

ይቅርታ፤ ምስጋና ላይ ነበርኩ።

ባለፈው እሑድ እድራችን ተሰብስቦ ነበር። በመሀል መብራት ጠፋና የሊቀመንበሩ ማይክሮፎን ዝም አለ። ከኋላ «አይሰማም! አይሰማም!» ይጮኻሉ። ዘመዳችን አጠገቤ ነበርና ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ «ፈረስ ይምጣለት» አልኩት።

አልሳቀም። ትንሽ አሰበና «ነጭ ከተገኘ» አለ።