ደህና የሚሠራ ላፕቶፕ ለምን ይጣላል?

ስለ ዊንዶውስ 10 (የማይክሮሶፍት የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና) በወጣ አንድ ጽሑፍ ላይ ጸሐፊው የድጋፉ መቋረጥ የተለመደ ነገር ነው ብለዋል። አልስማማም። ማይክሮሶፍት መደበኛውን ነፃ ዝማኔ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 (የኮምፒውተሩን ደህንነት የሚጠብቅ ክፍል) እና አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚፈልግ ብዙ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አይጫንም። እኛ አገር ብዙ ተማሪ የሚማረው ከውጭ በመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። «አዲስ ግዙ» ማለት፣ በዚህ የዶላር ምንዛሪ፣ ቀላል ነገር አይደለም።

በጣም ያናደደኝ አድልዎው ነው። የአውሮፓ ሸማቾች ማኅበራት ስለጮኹ እዚያ የአንድ ዓመት የደህንነት ዝማኔ በነፃ ተፈቀደ። ሌላው ግን ወይ 30 ዶላር እንዲከፍል፣ ወይ 1,000 የማይክሮሶፍት ሪዋርድስ ነጥብ (ኩባንያው ለተጠቃሚዎቹ የሚሰጠው ነጥብ) እንዲያወጣ፣ ወይ የኮምፒውተሩን ሴቲንግ በኩባንያው አካውንት ባክአፕ እንዲያደርግ ተጠየቀ። ቫይረሱ እኮ አገር አይመርጥም! የእኛም የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣናት ይህን ጥያቄ አሁኑኑ ያንሱልን።